ቀሲማ፦ ገዳሪፍ ላይ የታሰረ ጋብቻ ወረቀት

እገሌ ሰርጉን ውጭ አገር ሊያደርግ ነው ሲባል ዛንዚባር ወይም ዱባይ ነው የሚታየን፤ የባሕር ዳር አሸዋ፣ ቬሎ፣ ከላይ የሚያንዣብብ ድሮን። እኔ ጠረጴዛ ላይ ሲመጣ የኖረው የውጭ አገር ሰርግ ግን የገዳሪፍ ነው። ባሕር የለውም። ያለው የሰሊጥና የማሽላ ጆንያ፣ አናት የሚበሳ ፀሐይ፣ ዝንጅብል የበዛበት የጀበና ቡና፣ በመጨረሻም በዐረብኛ የተሞላ አንድ ቅጽ ነው። ቅጹ ቀሲማ ይባላል፤ የሱዳን የጋብቻ ምስክር ወረቀት ነው። የዐረብኛ ሰነድ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ስኖር በእጄ ካለፉ ወረቀቶች ሁሉ እንደ እሱ የምወደው የለም። እንደ እሱ ሲበደል ያየሁትም የለም።

ለምን ገዳሪፍ ለሚል፦ ከጎንደር ተነሥቶ በመተማ ዮሐንስ የወጣ ሰው ትንሿን ድልድይ ሲሻገር ጋላባት ነው፤ ከዚያ እስከ ገዳሪፍ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። በደርግ ዘመን፣ ይልቁንም በ1977ቱ ረኀብ፣ የወጣው ሕዝብ ኡም ራኩባንና ተዋዋን በመሳሰሉ መጠለያዎች ሰፈረ። ከዚያ ውስጥ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካናዳና ወደ አውስትራሊያ ያለፈው ብዙ ነው። ባለበት አገር የስደተኛ ወረቀት የያዘ ሰው ጎንደር ገብቶ መዳር አይችልም፤ እጮኛው ደግሞ ወደ እሱ የምትሄድበት ቪዛ የላትም። ስለዚህ መሀል ላይ ይገናኛሉ። መሀሉ ለብዙዎች ካርቱም ነበር፤ የመኪናና የአልጋ ኪራይ ለከበደው ገዳሪፍ ነው። በዚህ ላይ ለአጨዳ ሄዶ የቀረውን ሠራተኛ፣ ሻይ እየሸጠች የምታድረውን ሴት፣ ነጋዴውን፣ ከኅዳር 2013 ጀምሮ ከትግራይ ጦርነት ሸሽቶ የተሻገረውን ከ60 ሺህ በላይ ሰው ጨምሩበት። ሰው በተሰደደበትም ይጋባል።

የኢትዮጵያ ሕግ ከተጋቢዎች የሚፈልገውን አልዘረዝርም፤ ነፃ ፈቃድ፣ የሞላ 18 ዓመት፣ የሥጋም የጋብቻም ዝምድና አለመኖር፣ ሌላ ትዳር አለመኖር። ይኼን የቀበሌ ዘበኛም ያውቀዋል። ዘበኛው ቀርቶ አንዳንድ ጠበቃ የሚዘነጋው አንቀጽ 5ን ነው። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ እዚያ ላይ በአጭሩ የሚለው፣ ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጸመበት አገር ሕግ መሠረት የታሰረ ጋብቻ፣ የሕዝብን ሞራል እስካልተቃረነ ድረስ፣ እዚህም የጸና ነው። ያ አዋጅ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ነው። ለጎንደር ሰው የሚሠራው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ሲሆን ብዙውን ከፌዴራሉ የወሰደ ነው። ሕጋችን ለውጭ ጋብቻ እንዲህ እጁን ዘርግቶ መቀበሉ ያስደስተኛል። በዜግነት አዋጁም (378/1996) ኢትዮጵያዊ ያገባ የውጭ ሰው ዜግነት ሲጠይቅ ጋብቻው በእኛ ሕግ ወይም በተፈጸመበት አገር ሕግ የታሰረ ቢሆን አይለያይም፤ ከጋብቻው ሁለት ዓመት ማለፉና አመልካቹ ቢያንስ አንድ ዓመት እዚህ መኖሩ ነው የሚታየው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ የሚያጋባችሁ የዚያ አገር ሕግ ነው። ሰው ሁሉ የሚስተው እዚህ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ጋብቻችን እኮ ገና አልጸደቀም፤ የኤምባሲ ማህተም አልተመታበትም» ትለኛለች አንዷ። እናቷ ከጎኗ ቆመው «ታዲያ ልጄ ሳትጋባ ነው አብራው የከረመችው?» የሚል ዓይን ይሰዱብኛል። ልጄ፣ ጋብቻሽ የጸደቀው ማእዙኑ ፊት ነው። ማእዙን ማለት ከሱዳን የዳኝነት አካል ፈቃድ ተሰጥቶት ኒካህ (የእስልምና ጋብቻ) የሚያስር ሰው ነው። ሁለት ምስክር ተቀምጦ፣ ወሊሽ (የሚድርሽ ዘመድ) ቃል ሰጥቶ፣ መህሩ (ጥሎሹ) ተነግሮ፣ እሱ ሲፈርም አለቀ። ከዚያ በኋላ የሚመታው ማህተም ሁሉ የሚናገረው ስለ ጋብቻሽ አይደለም፤ ከበላዩ ስላለው ማህተም ነው።

ይኼን አንዴ የገባው ሰው ግማሹን ጭንቀቱን ይጥላል። የዳኝነቱ ቢሮ የማእዙኑን ፊርማ ያውቃልና ያረጋግጣል። የሱዳን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማእዙኑን አያውቅም፤ የሚያውቀው የዳኝነቱን ማህተም ነው። የእኛ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ የሱዳን ውጭ ጉዳይን ማህተም ያውቃል። አዲስ አበባ ያለው ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ደግሞ የኤምባሲውን። በሰርግ ቤት ደጃፍ ላይ «ይኼ ሰው የኛ ነው፣ አስገቡት» እያሉ እንደሚቀባበሉ ሚዜዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ የሚመሰክረው ከፊቱ ስለቆመው ብቻ ነው። አንዳቸውም ውስጡን አያነቡም። ሙሽሪት ስንት ዓመቷ ነው? አልጠየቁም። የሙሽራው አባት ስም ተሳስቷል? አላዩም። ስለዚህ ማእዙኑ ጠረጴዛ ላይ የተሳሳተች አንዲት ፊደል ሦስት ማህተም ተሸክማ አዲስ አበባ ትገባለች። ያኔ ለማረም የሚሞክር ሰው ስሕተት ማረሙን ትቶ፣ ማህተም የበዛበትን ሰነድ ሲነካካ እንደተያዘ ይቆጠራል።

ጠረጴዛዬ ላይ ደጋግሞ የሚያበሽቀኝ ላሚኔት ነው። ሰው ወረቀቱን ሲወድ ፕላስቲክ ያለብሰዋል። ማህተም በፕላስቲክ ላይ አይመታም። ፕላስቲኩ ሲላጥ የማእዙኑ ፊርማ አብሮ ይላጣል። አንድ ልጅ ከገዳሪፍ ጎንደር ድረስ ቀሲማውን በላሚኔት አሽጎ አምጥቶልኝ፣ «እንዳይበላሽ ብዬ ነው» አለኝ። ተርጉሜለት ሄደ፤ በኋላ ያጋጠመውን ስሰማ ግን ትርጉሙ ምንም አልፈየደለትም። ማረጋገጫ ቢሮው ዋናውን አልቀበልም አለው፤ ሌላ ለማውጣት እንደገና ድንበር ተሻገረ። ሌላው ደግሞ ፊቱን ብቻ ፎቶ ኮፒ አድርጎ ይመጣል። ማህተሞቹ ያሉት ጀርባው ላይ ነው! ጀርባውን አስነሡ፣ ፎቶም አንሡት፣ በስልካችሁም በሰው ስልክም አስቀምጡት። በሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳና መንግሥቱ ወደ ፖርት ሱዳን ሲዛወር ይኼ የማህተም ሰንሰለት መሀሉ ላይ ተበጥሷል። በስልኩ ፎቶ የነበረው ሰው ቢያንስ የመዝገቡን ቁጥር ያውቃል።

ቀሲማው ላይ የሰፈረውን ማንበብ ነው እንግዲህ የእኔ ሥራ። የተጋቢዎች ስም፣ የወሊው ስም፣ የምስክሮቹ፣ የመህሩ መጠን (ቀድሞ የሚከፈለውና ለኋላ የሚቆየው ተለይቶ)፣ ቀኑ፣ ቦታው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሰው እንደ ተራ ነገር የሚያልፈው ስሙን ነው፤ እኔ ደግሞ ዕድሜዬን የጨረስኩት እሱ ላይ ነው።

ዐረብኛ ፐ የለውም፤ ጴጥሮስ ቡጥሮስ ይሆናል። ቸ የለውም፣ ጨ የለውም፣ ኘ የለውም። ጫኔ ሻኔ ሆኖ ይመለሳል። አናባቢዎቹም እንደኛ ሰባት አይደሉም፤ ጸሐፊው ለማያውቀው ስም በብዛት የሚደረድረው ረጃጅሞቹን ነው፤ ስለዚህ አበበ አባባ ሆኖ ይመጣል። ሰላሳ ዓመት ያልሞላው ልጅ በቀሲማው ላይ አባባ ሲባል ሚስቱ ስትስቅበት አይቻለሁ። ይኼ ሁሉ ግን ቀላሉ ነው። ከባዱ ቃፍ የምትባለው ፊደል ናት።

ቃፍ በመጽሐፉ ዐረብኛ የእኛን ቀ የምትመስል ፊደል ናት። ሱዳኖች ግን በንግግራቸው ገ ብለው ነው የሚጠሯት። ከተማዋን እንኳ ተመልከቱ፤ ነዋሪው ገዳሪፍ ይላታል፣ ሲጽፋት ግን በቃፍ ነው፤ አል-ቀዳሪፍ። ጋላባትም እንደዚሁ በጽሑፍ አል-ቀላባት ናት። (የገዳሪፍን ስም የከተማው ሰዎች ከድሮ የገበያ ጥሪ ያወጡታል፤ ጉዳዩን የጨረሰ ይሂድ ለማለት። እውነት ይሁን ተረት፣ የሥራ ሰዓት ማለቂያ ላይ ቢሮ ውስጥ ስቆም ትዝ ይለኛል።) እንግዲህ የሱዳን ጸሐፊ ገብሬ የሚል ስም ሲሰማ በምን ይጽፈዋል? ገ ማለት ለእሱ ቃፍ ናት። በቃፍ ይጽፈዋል። ወረቀቱ አዲስ አበባ ይደርስና ዐረብኛውን በመጽሐፍ ብቻ የተማረ አስተርጓሚ እጅ ይገባል። እሱ ያየውን ያነባል፤ ቀብሪ። በዐረብኛ ቀብሪ ማለት «መቃብሬ» ማለት ነው። የሙሽራው አባት ስም መቃብሬ ሆኖ ወደ አማርኛ ሊመለስ አንድ ጥንቁቅ ሰው ብቻ ነው የሚቀረው። የቀልድ ይመስላል፤ ፓስፖርቱ ላይ ገብሬ፣ የጋብቻ ወረቀቱ ትርጉም ላይ ቀብሪ ያለው ሰው ግን ኤምባሲ መስኮት ላይ ሲቆም አይስቅም። «ይኼ ሌላ ሰው ነው» ይባላል።

ወዲያ ማዶ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ወርቅነሽ ስትጻፍ ቅ የምትወጣው በዚያችው በቃፍ ነው፤ ይኼኛው እንኳ ትክክል ነው። ግን የሱዳንን አነባበብ የለመደ ሰው አግኝቷት ወርግነሽ ብሎ ያነባታል። አንዲት ፊደል ለገብሬም ለወርቅነሽም ሠራች፤ ባልና ሚስቱን በአንድ ወረቀት ላይ ሁለቱንም ልታበላሽ ትችላለች። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ አስተርጓሚው ከወረቀቱ ሌላ ፓስፖርቱን ወይም መታወቂያውን ማየት አለበት። እኔ መታወቂያ ሳላይ ቀሲማ አልተረጉምም። «ጋሼ፣ እርስዎ ዐረብኛ አያውቁም እንዴ?» የሚለኝ አለ። ስለማውቅ ነው የምጠይቅህ፣ ልጄ።

ስሙ ስንት ነው የሚለውም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ሱዳን ሩባዒ ይላሉ፤ ባለ አራት ስም። የራስ፣ የአባት፣ የአያት፣ የቅድመ አያት። እኛ ሦስት ይዘን እንኖራለን፤ አራተኛውን የሚያውቀው ሽማግሌ ነው። አንድ ከሜልቦርን የመጣ ሙሽራ ማእዙኑ ፊት ተቀምጦ «አራተኛው ስምህስ?» ሲባል አያቱ ዘንድ፣ ደባርቅ ደወለ። አያትየው መስማት ደክሟቸዋል፤ እሱ ስልኩን ይዞ «የአባትዎ ስም ማን ነበር?» እያለ ሲጮህ፣ እሳቸው ደግሞ «የቱ አባቴ? የክርስትና ነው የዓለም ስሙን?» ይሉታል። በመጨረሻ የተጻፈው የቅድመ አያቱ የክርስትና ስም ነበር። ፓስፖርቱ ላይ ሦስት፣ ቀሲማው ላይ አራት ስም ሆነና፣ በየሄደበት የአውስትራሊያ መስኮት ሁሉ አራተኛው ሰው ማን እንደሆነ ሲያስረዳ ከረመ። ከጎኑ ሌላ ጥያቄም ነበረበት፤ የሚስትህ ስም ለምን ካንተ የተለየ ነው የሚል። እኛ ዘንድ ሴት ስትዳር የአባቷን ስም እንደማትተው ለፈረንጅ ማስረዳት ለብቻው ጉዳይ ነው። ምክሬ አጭር ነው፤ ከመሻገራችሁ በፊት አራተኛውን ስም ከሽማግሌ ጠይቃችሁ በወረቀት ያዙት፤ ፓስፖርታችሁ ላይ ባይኖርም በሁሉም ሰነድ ላይ አንድ ዓይነት ይሁን።

የቀኑ ነገር ከስሙ አይተናነስም። ቀሲማ ላይ የሂጅራውም የፈረንጁም ቀን ይኖራል። ወደ እኛ ሲመለስ ሦስተኛ ይጨመራል። ጥር 10 ቀን 2005 የተዳረ ሰው በፈረንጁ ጃንዋሪ 18፣ 2013 ነው፤ በሂጅራው የረቢዕ አል-አወል ወር፣ 1434። እስከዚህ ጥሩ። አሁን አንድ ችኩል ጸሐፊ ይኼንኑ ቀን በቁጥር ይጽፈዋል፤ ጥር አምስተኛ ወራችን ነውና 10/5/2005። ዓ.ም. የምትለዋን ግን ይረሳታል። ወረቀቱን ያገኘው ፈረንጅ ደግሞ ሜይ 10፣ 2005 ብሎ ያነበዋል፤ ከእውነተኛው ሰርግ ስምንት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ወደ ኋላ። ልጅቱ የተወለደችው ሰኔ 1984 ነበር። በእውነተኛው ቀን 20 ዓመቷ ነው፤ በተነበበው ቀን 12። ይኼ ጠረጴዛዬ ላይ የደረሰ ጉዳይ ነው፤ ባልየው ሕፃን አግብቷል ተብሎ ቃለ መጠይቅ ተቀምጧል። ከዚያ ቀን ወዲህ የወር ስም በፊደል ሳልጽፍ ቀርቼ አላውቅም።

በቀኑ ላይ የምጨቃጨቀው ለውበት እንዳይመስላችሁ። በስደተኛነት አሜሪካ የገባ ሰው ሚስቱን በተከታይነት ለማስገባት የሚያመለክተው በገባ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፤ ጋብቻው ደግሞ እሱ ከመግባቱ በፊት የተፈጸመ መሆን አለበት። ወር ቢዛነፍ በር ይዘጋል።

ስለ ውክልና ጋብቻ አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። ሙሽራው ሳይመጣ በወኪል ኒካህ ማሰር በእስልምና ሕግ የታወቀ ነው። በእኛ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 12 ግን ሁለቱም ተጋቢዎች ራሳቸው መገኘት አለባቸው፤ ከባድ ምክንያት ሲኖር ብቻ ነው ፍትሕ ሚኒስቴር በወኪል እንዲሆን የሚፈቅደው። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግም ተጋቢዎቹ በአንድነት ያልተገኙበትን ጋብቻ፣ ከዚያ በኋላ በአካል እንደ ባልና ሚስት ካልተገናኙ፣ አይቆጥረውም። ስለዚህ ገንዘብ ለመቆጠብ ብለው በስልክ የሚጋቡ ሰዎች የአውሮፕላኑን ትኬት በኋላ በእጥፍ ይከፍሉታል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። የአገሩ ሕግ ያጋባል ስል፣ ሱዳን ውስጥ የአገሩ ሕግ አንድ አይደለም። ሙስሊሙ የሚዳኘው በፈረንጆቹ 1991 በወጣው የሙስሊሞች የግል ሕግ ነው፤ ሙስሊም ላልሆነው በእንግሊዝ ዘመን በ1926 የወጣ ሌላ ሕግ አለ፣ ቤተ ክርስቲያንም ታጋባለች። ማእዙን ዘንድ ስትቀርቡ መጀመሪያ የሚታወቀው ሃይማኖታችሁ ነው። ሙስሊም ወንድ ክርስቲያን ሊያገባ ይችላል፤ ሙስሊም ሴት ክርስቲያን ወንድ ማግባት ግን አትችልም። ካገባች ጋብቻው እንዳልነበረ ነው። «እንዳልነበረ» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ ዓለም ያየው በአንዲት የገዳሪፍ ተወላጅ ነው።

ሜሪያም ኢብራሂም ገዳሪፍ ክልል ውስጥ ነው የተወለደችው፤ እናቷ ኢትዮጵያዊት ኦርቶዶክስ፣ አባቷ ሱዳናዊ ሙስሊም። አባትየው ገና ልጅ ሳለች ጥሏቸው ሄደ፤ እናቷ በራሷ እምነት አሳደገቻት። ካርቱም ውስጥ በፈረንጆቹ 2011 ዳንኤል ዋኒ የተባለ፣ ከደቡብ ሱዳን የሆነ የአሜሪካ ዜጋ በቤተ ክርስቲያን አገባች። እስቲ በእኛ ዓይን እንየው፤ ፈቃድ አለ፣ ዕድሜ አለ፣ ካህን አለ፣ ወረቀት አለ። ፍርድ ቤቱ ግን የአባት ልጅ ናትና ሙስሊም ናት አለ። ሙስሊም ከሆነች የክርስቲያን ሚስት ልትሆን አትችልም፤ ሚስት ካልሆነች ከባሏ ጋር መኖሯ ዝሙት ነው። በግንቦት 7 ቀን 2006 ለዝሙቱ 100 ጅራፍ፣ ሃይማኖት ለመካድ ደግሞ በስቅላት ሞት ተፈረደባት። እርጉዝ ነበረች፤ በዚያው ወር እስር ቤት ውስጥ ሴት ልጅ ወለደች። በሰኔ አጋማሽ ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን ሽሮ ፈታት፤ በማግሥቱ አየር ማረፊያ ላይ እንደገና ተያዘች። በምን? በወረቀት። የደቡብ ሱዳን ኤምባሲ የሰጣት የጉዞ ሰነድ ሐሰተኛ ነው ተባለ። ከወር በኋላ በጣሊያን መንግሥት አውሮፕላን ሮም ገባች። ሃይማኖት መካድን በሞት የሚቀጣው አንቀጽ የተሰረዘው በ2012 ክረምት ነው፤ የጋብቻው ደንብ ግን ይኼ አንቀጽ ሲሰረዝ አብሮ አልተነካም።

ይኼን የምተርከው ለማስፈራራት አይደለም፤ ከሁለት እምነት የተወለደች ወይም የተወለደ ልጅ ድንበሩ አካባቢ ብዙ ስላለ ነው። መተማ ላይ የአባቱ ስም መሐመድ ሆኖ ማተብ ያሰረ ጎረምሳ ማየት ብርቅ አይደለም። እሱ እዚህ ማንም ሳይጠይቀው ይዳራል። ድልድዩን ሲሻገር ግን የአባቱ ስም ከእሱ በፊት ይናገራል፤ እስከ 2012 ድረስ፣ ክርስቲያን ነኝ ካለ ለእሱም ሃይማኖት መካድ ይባልበት ነበር። እንዲህ ያለው ተጋቢ ጋብቻውን የሚያስመዘግብበት ሌላ በር እንዳለ፣ የኢትዮጵያ ኤምባሲና ቆንስላም የወሳኝ ኩነት መዝጋቢ እንደሆነ ይወቅ፤ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ይኼን ሥራ ሰጥቷቸዋል።

በዕድሜ በኩልም አንቀጽ 5 የተወው በር አለ፤ የሕዝብ ሞራል ያለው። የ1991ዱ የሱዳን ሕግ ዐሥር ዓመት የሞላት ልጅ በዳኛ ፈቃድ እንድትዳር ያስችላል። እዚያ ሕጋዊ ነው። እዚህ ግን ዕድሜዋ ያልደረሰ ልጅ ያገባ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ይጠየቃል፤ ልጅቱ ከ13 በታች ከሆነች ቅጣቱ እስከ ሰባት ዓመት ጽኑ እሥራት ይደርሳል። እንዲህ ያለ ቀሲማ አንዴ መጥቶልኛል። አልተረጎምኩትም። ሰውየው ሌላ አስተርጓሚ እንደሚያገኝ እያወቅሁ ነው።

ወረቀት ጭራሽ የሌለውስ? ከጦርነቱ የሸሹ፣ ሻንጣቸውን ጋላባት ላይ የጣሉ፣ ቤታቸው ገዳሪፍ ላይ የቀረ ሰዎች ሲመጡ ይኼ ነው ጥያቄያቸው። ሕጋችን ጋብቻ በምስክር ወረቀት ይረጋገጣል ይላል፤ ወረቀት ከሌለ ግን በትዳር ሁኔታ መረጋገጥ ይችላል። ሁለቱ ሰዎች እንደ ባልና ሚስት ሲተያዩና ሲኖሩ፣ ቤተ ዘመዱና ጎረቤቱም እንደዚያ ሲቆጥራቸው መቆየቱ ነው የሚታየው። ምስክሮች ያስፈልጋሉ።

ባለፈው ዓመት አንድ ሽማግሌና ባለቤታቸው ወደ ቢሮዬ መጡ። በ1977 ወጥተው ተዋዋ ሰፍረው፣ እዚያ በካህን ተጋብተው፣ በኋላ ወደ አገር የተመለሱ ናቸው። ልጃቸው ካናዳ ልትወስዳቸው የጋብቻ ማስረጃ ተጠይቃለች። ቀሲማ አላወጡም፤ የካህኑ ወረቀት ምስጥ በልቶታል። የሚተረጎም ነገር ስላልነበረ ለፍርድ ቤቱ የሚቀርበውን ማመልከቻ ብቻ ላግዛቸው ተቀመጥኩ። ምስክሮቹ ሦስት ተገኝተዋል፤ አራተኛው፣ ሚዜያቸው የነበሩት፣ ገዳሪፍ ናቸው አሉ።

«አባባ፣ የተጋባችሁበት ቀን መቼ ነበር?» አልኳቸው።

ሽማግሌው ባለቤታቸውን ዞረው አዩ። «ሰሊጡ ተወቅቶ ባለቀ በሁለተኛው እሑድ» አሉ እሳቸው። «አይደለም» አሉ ባለቤታቸው፣ «ሦስተኛው ነው። በሁለተኛው ዝናብ አልነበረም እንዴ?»

ብዕሬን አስቀምጬ ጠበቅኋቸው።